ለማሽኑ የሚጻፈውን መግለጫ፣ ካርድ ክፍሉን የሚያውቅ ሰው ይጻፈው

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በጋዜጣችሁ የጤና ዓምድ ላይ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ወደ ሆስፒታሎቻችን ስለሚገባበት ሁኔታ የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ስለ ኮምፒውተር እጥረት፣ ስለ መብራት መቆራረጥና ስለ ኢንተርኔት ዋጋ የዘረዘሩት ሁሉ እውነት ነው፤ ደሴ ላይ ተቀምጦ ይህን የሚክድ ሰው አይገኝም። ሆኖም ብዙ ወጪ የማይጠይቅ፣ ነገር ግን ከገንዘብና ከመብራት ባልተናነሰ ሥራውን ሊያቀና ወይም ሊያበላሽ የሚችል አንድ ጉዳይ፣ ማለትም ለማሽኑ የሚጻፍለት መግለጫ፣ ሳይነሣ ስለታለፈ፣ ጥቂት ቦታ ብትፈቅዱልኝ እሱን ለአንባብያን ላስረዳ እወዳለሁ።

እኔ በደቡብ ወሎ በጤና ተቋማት ካርድ ክፍል ሥራ የጀመርኩት የታካሚ ማህደር ከመደርደሪያ በእጅ እየተፈለገ በሚወጣበት ጊዜ ነው። ኮምፒውተር ሲመጣም ከወረቀቱ ጋር አብሬ ወደ ኮምፒውተሩ ተሻገርኩ፤ አሁን የሥራ መደቤ የጤና መረጃ ባለሙያ ይባላል። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ደግሞ ኤጀንት የሚባሉትን ፕሮግራሞች በታካሚ መዝገብ ላይ ለመሞከር በተቋቋመ አነስተኛ ቡድን ውስጥ ተመድቤ እየሠራሁ ነው።

ኤጀንት ስንል ለጥያቄ መልስ በመጻፍ ብቻ የማይወሰን፣ በተሰጡት መሣሪያዎች እየተጠቀመ መዝገብ የሚከፍት፣ የላቦራቶሪ ውጤት የሚያወጣና ቀጠሮ የሚይዝ ፕሮግራም ማለታችን ነው። መሣሪያ የተባለውም በእጅ የሚያዝ ዕቃ ሳይሆን፣ የሶፍትዌር ባለሙያው ከመዝገብ ሥርዓቱ ተግባራት አንዱን ነጥሎ ለኤጀንቱ የሚያቀርብበት በር ነው። ባለሙያው ለእያንዳንዱ በር ስም ያወጣለታል፣ ምን እንደሚሠራ በጽሑፍ ይገልጻል፣ በሩ እንዲከፈት ምን ምን መሞላት እንዳለበትም ይዘረዝራል። አንትሮፒክ የተባለው ኩባንያ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በኅዳር ወር 2024 ይፋ ያደረገውና ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል የሚባለው የጋራ ደንብም መሣሪያዎችን የሚያስተዋውቀው በዚሁ መንገድ፣ ማለትም በስም፣ በመግለጫና በሚሞላው ነገር ዝርዝር ነው። ኤጀንቱ ከበሩ ጀርባ ያለውን ኮድም ሆነ የመረጃ ቋቱን አሠራር አያይም። የትኛውን መሣሪያ መቼ እንደሚጠራ፣ ምን ሞልቶ እንደሚልክና የመጣለትን መልስ እንዴት እንደሚረዳ የሚወስነው ያችኑ የተጻፈችለትን መግለጫ አንብቦ ነው።

ካርድ ክፍል አዲስ የተቀጠረ ልጅ ግራ ሲገባው አንገቱን ከመደርደሪያው ጀርባ ብቅ አድርጎ «ጋሼ፣ ይህቺ የትኛዋ ናት?» ይላል፤ እኛም እንነግረዋለን። ኤጀንቱ ግን መግለጫው ጠይቅ ካላለው አብዛኛውን ጊዜ አይጠይቅም፤ የጎደለውን በራሱ ግምት ሞልቶ ይቀጥላል። የሚገምተውም ከተማረባቸው ጽሑፎች ብዛት ተነሥቶ ስለሆነ፣ ግምቱ ከወሎ ይልቅ ለሌላ አገር የሚቀርብ ነው።

ስሙን መጥቀስ በማያስፈልገኝ አንድ የጤና ተቋም የሆነውን ልንገራችሁ። ኤጀንቱ የታካሚዎችን ቀጠሮ ከመዝገብ እያወጣ በስልክ መልእክት እንዲያስታውስ ተደርጎ ነበር። የመሣሪያው መግለጫ በሙሉ «የታካሚን ቀጠሮ ያመጣል» የሚል ነበር፤ ከዚህ በላይ አንድ ቃል አልተጨመረበትም። ሥርዓቱ ሰዓትን የሚያስቀምጠው በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ስለነበር የጠዋቱ 3 ሰዓት ቀጠሮ በመዝገቡ 9 ተብሎ ተቀምጧል፤ ኤጀንቱም እንዳገኘው «ቀጠሮዎ ማክሰኞ በ9 ሰዓት ነው» ብሎ በጥሩ አማርኛ ጻፈ። ከደላንታ ተነሥተው ከዋዜማው ደሴ ገብተው ዘመድ ቤት ያደሩ አንድ አዛውንት፣ እንዳይረፍድባቸው ሰግተው ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት ተኩል ላይ መጡ። የክትትል ክሊኒኩ ካለቀ ቆይቷል። «አባቴ፣ የእርስዎ እኮ ጠዋት ነበር» ስላቸው ስልካቸውን ከካፖርታቸው ኪስ አውጥተው አሳዩኝና «ልጄ፣ ዘጠኝ ይላል፤ እኔ ግማሽ ሰዓት ቀድሜ ነው የመጣሁት» አሉኝ። ምን ልበላቸው? የተጻፈላቸው እውነትም ዘጠኝ ነው።

ማሽኑ አልተበላሸም፤ መዝገቡም ትክክል ነበር። የጎደለው በመግለጫው ላይ «የሚመለሰው ሰዓት በዓለም አቀፍ አቆጣጠር ነው፤ ለታካሚ ከመንገርህ በፊት ወደ ኢትዮጵያ ሰዓት ለውጥ፣ ጠዋት ወይም ከሰዓት በኋላ መሆኑንም ጻፍ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር የሶፍትዌር ባለሙያው ለምን አልጻፈውም ብዬ ልወቅሰው አልፈልግም። ልጁ ሥራውን ያውቃል፤ የማያውቀው አዛውንቱ በየትኛው ሰዓት እንደሚያስቡ ሳይሆን፣ ይህ ነገር መጻፍ ያለበት መሆኑን ነው። ለሰው ግልጽ የሆነ ነገር ለማሽኑም ግልጽ ይመስለናል።

ሰዓቱ ቀላሉ ነው፤ የሚከብደው ስም ነው። ሰይድ መሐመድ ለሚባሉ ሰዎች በአንድ ቀን ሁለትና ሦስት ማህደር ማውጣት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ሰይድን በ«ሰ» የመዘገበ አለ፣ በ«ሠ» የመዘገበ አለ፣ «ሰዒድ» ብሎ የጻፈም አለ፤ መሐመድን በሦስቱም «ሀ» ተጽፎ አግኝቼዋለሁ። በገጠር ደግሞ ሙሽራ ስትገባ አማቷ ስም ስለምታወጣላት፣ አንዲት ሴት በልጅነቷ ወላጆቿ ባወጡላት ስም፣ ለወሊድ ስትመጣ ግን ባሏና ጎረቤቱ በሚጠሯት ስም ካርድ ታወጣለች። ሁለቱም ስሟ ነው፤ አልዋሸችም። በዚህ ላይ የጤና መረጃ መለዋወጫ የሆነው ፋየር የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ስምን የሚያስቀምጠው «የተሰጠ ስም» እና «የቤተሰብ ስም» ብሎ ከፍሎ ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንምና አንዱ ፕሮግራም የአባትን ስም፣ ሌላው የአያትን ስም እዚያ ሣጥን ውስጥ ይከታል። ኤጀንቱ የአባት ስም ሞልቶ የአያት ስም በተቀመጠበት ሣጥን ሲፈልግ ባዶ መልስ ይመጣለታል፤ ከዚያም «ይህች ታካሚ ከዚህ በፊት ተመዝግባ አታውቅም» ብሎ በልበ ሙሉነት ይናገራል። አዲስ ካርድ ተከፈተ ማለት ነው፤ ፔኒሲሊን እንደማይስማማት የተጻፈው ግን በአሮጌው ካርድ ላይ ቀርቷል።

ቡድናችን በመጀመሪያ ያገኘው መግለጫ «ታካሚ ይፈልጋል» የሚል ነበር። ከብዙ ክርክር በኋላ በሚከተለው ተተክቷል፤ እንዳለ ላስፍረው፦ «በካርድ ቁጥር ወይም በስም የተመዘገበን ታካሚ ይፈልጋል። የካርድ ቁጥር ካለ ሁልጊዜ በእሱ ጀምር። ስም የሚሞላው በሦስት ሣጥን ነው፤ የራስ፣ የአባት፣ የአያት። ፍለጋው ሞክሼ ፊደላትን እንደ አንድ አይቆጥርም፤ ስለዚህ ሀን በሐና በኀ፣ ሰን በሠ፣ አን በዐ፣ ጸን በፀ እየተካህ ደግመህ ሞክር። በአንድ ጊዜ ከ20 በላይ ታካሚ አይመልስም፤ 20 ከመለሰ ሌላም ሊኖር ስለሚችል ወረዳና ቀበሌ ጨምረህ ፍለጋውን አጥብብ። ከአንድ በላይ ታካሚ ከተገኘ አንተ አትምረጥ፤ ዝርዝሩን ለጠየቀህ ባለሙያ አቅርብ። ምንም ካልተገኘ በዚህ ስም አልተገኘም በል እንጂ አልተመዘገበም አትበል። ይህ መሣሪያ አዲስ ካርድ አይከፍትም።»

በነገራችን ላይ፣ ማሽኑን «አንተ» እንበለው ወይስ «እርስዎ» በሚለው ላይ ግማሽ ከሰዓት አጥፍተናል፤ በመጨረሻ «አንተ» ያሸነፈው ዓረፍተ ነገሩ አጭር ስለሚሆን ብቻ ነው። ቁም ነገሩን በተመለከተ ግን፣ የፊደሉን ልዩነት ፕሮግራሙ ራሱ ቢያቃናው እንደሚሻል እኔም እስማማለሁ። መግለጫ ለሶፍትዌር ጉድለት ማጣበቂያ መሆን የለበትም፤ ጉድለቱ እስኪታረም ድረስ ግን መኖሩን ከኤጀንቱ መደበቅ ከሁሉ የከፋ ነው።

ባዶ መልስ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ካርድ ክፍል የሠራ ሰው ከማንም በላይ ያውቃል። አንድ ማህደር ከመደርደሪያው ሲወጣ በቦታው ትሬሰር ካርድ ይገባል፤ በዚያ ላይ ማህደሩ ወደየትኛው ክፍል እንደሄደና መቼ እንደወጣ ይጻፋል። ቦታው ባዶ ሆኖ ሲታይ የሚባለው «ማህደር የለም» ሳይሆን «ትሬሰሩን አንብብ» ነው። የኤሌክትሮኒክ መዝገቡ ግን ባዶ ዝርዝር ሲመልስ ትሬሰር አያስገባም። የአለርጂ መሣሪያ ባዶ ከመለሰ ታካሚው ተጠይቆ ምንም እንደሌለበት ተረጋግጧል ማለት ነው ወይስ ጭራሽ የጠየቀው የለም? ፋየር እነዚህን ሁለቱን ለይቶ መመዝገብ ያስችላል፤ «የታወቀ አለርጂ የለም» የሚለው ራሱን ችሎ የሚጻፍ መረጃ ነው። እኛ ዘንድ ግን ብዙው ባዶ ያልተጠየቀ ባዶ ነው። መግለጫው ይህን ካልተናገረ ኤጀንቱ «አለርጂ የለበትም» ብሎ ለሐኪሙ ያቀርባል፤ ሐኪሙም በተጨናነቀ ተመላላሽ ክፍል ውስጥ ሃምሳኛውን ታካሚ እያየ ከሆነ ያንን አምኖ ይጽፋል።

በመድኃኒትም ረገድ ያው ነው። «የታካሚውን መድኃኒቶች ያመጣል» የሚል መግለጫ አይቻለሁ። የትኞቹን? ሐኪሙ ያዘዛቸውን፣ ፋርማሲው ያስረከባቸውን ወይስ ታካሚው በእርግጥ የሚወስዳቸውን? ፋየር እነዚህን በየራሳቸው መዝገብ የሚለያቸው ያለ ምክንያት አይደለም። የታዘዘለት መድኃኒት ከተቋሙ ፋርማሲ ጠፍቶ፣ ውጭ ሲጠይቅ ዋጋው ከአቅሙ በላይ ሆኖበት ማዘዣውን በኪሱ ይዞ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው በኮምፒውተሩ ላይ ደም ግፊቱን በሁለት መድኃኒት የሚቆጣጠር ታካሚ ሆኖ ይታያል። ኤጀንቱም «መድኃኒቱ ስላልሠራለት መጠኑ ይጨመር» ወደሚል ሐሳብ ሊያመራ ይችላል። «ይህ መሣሪያ የታዘዙትን ብቻ ያሳያል፤ መወሰዳቸውን አያረጋግጥም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከአሥር ዓረፍተ ነገር የሚበልጥ ሥራ ይሠራል። በእኔ ግምት፣ መግለጫ ውስጥ በጣም የሚጠቅመው መሣሪያው ስለማያደርገው ነገር የሚናገረው ክፍል ነው፤ ሁልጊዜ የሚጎድለውም እሱ ነው።

ዕድሜን እንውሰድ። የወሎ አዛውንት የተወለዱበትን ዓመት ሲጠየቁ «በ66ቱ ድርቅ ጊዜ ጎረምሳ ነበርኩ» ይላሉ፤ መዝጋቢው ከዚያ ቆጥሮ አንድ ዓመት ይጽፋል። ፋየር ከልደት ቀን ዓመቱ ብቻ እንዲመዘገብ ይፈቅዳል፤ እኔ የሠራሁበት ፕሮግራም ግን ወርና ቀን ካልተሞላ አያሳልፍም ነበርና ሁሉም ሰው ጃንዋሪ 1 ቀን ተወለደ። ኤጀንቱ ይህን ግምት እንደ ልደት ሰርተፍኬት ያነበዋል። ከዚህ የባሰው የዘመን አቆጣጠሩ ነው። በመስከረም 2015 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃን ዓመቱ እንዳለ በአውሮፓውያን ሣጥን ውስጥ ከተሞላ፣ በ2017 አጋማሽ የሁለት ዓመቱ ሕፃን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኖ ይቀርባል። ነርስ ሕፃኑን በእናቱ ጀርባ ላይ ስለምታየው አትታለልም፤ ኤጀንቱ ግን የሚያየው ቁጥሩን ብቻ ነው። ስለዚህ ቀን የሚሞላበት ሣጥን ሁሉ በየትኛው አቆጣጠርና በምን ቅደም ተከተል እንደሚሞላ ከምሳሌ ጋር መነገር አለበት፤ ሣጥኑ «ቀን» ከሚባል «የልደት ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር» ቢባል ስሙ ብቻውን ብዙ ስሕተት ይከላከላል። የላቦራቶሪ ውጤት መለኪያም እንዲሁ ነው። 7 ሚሊሞል በሊትር የሆነ የደም ስኳር በእኛ መለኪያ 126 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው፤ መለኪያው ሳይገለጽ 7 ብቻ የደረሰው ኤጀንት በእኛ መለኪያ አንብቦት ስኳሩ እጅግ ወርዶ ሰውየው ራሱን ስቷል ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

ስሕተት ሲያጋጥም መሣሪያው የሚመልሰው መልእክትም የመግለጫው አካል ተደርጎ ሊታይ ይገባል። «ስሕተት 400» የሚል መልስ ኤጀንቱን ያንኑ ጥያቄ አምስት ጊዜ ከማስደጋገም በቀር የሚፈይደው የለም። «የካርድ ቁጥሩ ስድስት አኀዝ መሆን አለበት፤ የተላከው አምስት ነው፤ ከፊቱ ዜሮ ጨምረህ ሞክር» የሚል መልስ ግን መንገድ ያሳያል።

ይህን ሁሉ ስል መግለጫን ከልክ በላይ የሚያምኑ ሰዎችም ስላጋጠሙኝ አንድ ነገር መለየት እፈልጋለሁ። «ያለ ሐኪም ፈቃድ ማዘዣ አትሰርዝ» ብሎ መጻፍ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ይህ በካርድ ክፍል በር ላይ «ያለ ፈቃድ መግባት ክልክል ነው» ብሎ እንደ መለጠፍ ያለ ነው። ወረቀቱን ለጥፈን ቁልፉንም እንቆልፋለን እንጂ በወረቀቱ ተማምነን በሩን ከፍተን አናድርም። ፈቃዱ በመዝገብ ሥርዓቱ ውስጥ መቆለፍ አለበት፤ የሚያነብና የሚጽፍ መሣሪያ መለያየት፣ የሚጽፈው መሣሪያም፣ ሰው እስኪያጸድቀው ድረስ፣ ረቂቅ ብቻ ማስቀመጥ ይኖርበታል። በሐኪም ማስታወሻ ውስጥ የሚገኝ ጽሑፍም መረጃ እንጂ ለኤጀንቱ የተሰጠ ትእዛዝ እንዳልሆነ ሁለቱም ወገን፣ መግለጫውም ሥርዓቱም፣ ማወቅ አለባቸው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ይመድበዋልና፣ ቀጠሮ ብቻ የተጠየቀ መሣሪያ የኤችአይቪ ምርመራ ውጤትን ጭምር ጠቅልሎ መመለሱ በምንም መግለጫ አይስተካከልም።

መግለጫው በአማርኛ ይጻፍ ወይስ በእንግሊዝኛ የሚል ጥያቄም ይነሣል። ለእኔ ቋንቋው ሁለተኛ ነገር ነው። ፕሮግራሞቹ በእንግሊዝኛ የተሻለ የሚረዱ ከሆነ በእንግሊዝኛ ይጻፍ፤ ግን ካርድ ክፍሉ፣ ላቦራቶሪውና ፋርማሲው አንብበው «ይህ እኛ ዘንድ እንዲህ አይደለም» የሚሉበት የአማርኛ ቅጂ ይኑር። እስካሁን ባየሁት አሠራር መግለጫውን የሚጽፈው ኮዱን የጻፈው ሰው ነው፤ የሚጽፈውም ሥራው ካለቀ በኋላ፣ በአንድ መስመር፣ እንደ ግዴታ ነው። መዝገቡ ምን እንደሚደብቅ የሚያውቁት የካርድ ክፍል ሠራተኞች ግን ጽሑፉ መኖሩን እንኳ አይሰሙም። እንዲህ ያለ ሥርዓት የሚገዙ የጤና ተቋማት የመሣሪያዎቹን ሙሉ መግለጫ እንዲረከቡና የራሳቸው ሠራተኞች ሥርዓቱ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት እንዲያርሙት በውላቸው ውስጥ ቢያስገቡ የሚከለክላቸው ነገር የለም። መግለጫው በተሻሻለ ቁጥር ያንኑ ሃምሳ ወይም መቶ ጥያቄ ለኤጀንቱ ደግሞ አቅርቦ የትኛውን መሣሪያ እንደጠራ ማየትም ያስፈልጋል፤ እኛ ጥያቄዎቹን የሰበሰብነው ከካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ፣ ሰዎች በአንደበታቸው እንደሚጠይቁት ነው።

በቡድናችን 14 መሣሪያዎች ነበሩ። ሦስቱ በስም የተለያዩ ይሁኑ እንጂ ሥራቸው አንድ ሆኖ ኤጀንቱን ያምታቱት ስለነበር ወደ አንድ ጠቀለልናቸው፤ 11ዱ መግለጫቸው ተጽፎ፣ ተነቦና ተፈትኖ ሥራ ላይ ናቸው። የቀረው «ሁለት ካርዶችን አዋህድ» የሚለው ነው። የአንዲት ሴት ሁለት ካርድ መሆኑን ሳያረጋግጡ የሁለት ሴቶችን ማህደር አንድ ካደረጉ በኋላ መለየት ምን ያህል እንደሚያደክም በወረቀቱ ዘመን ስላየሁት፣ የዚህን መግለጫ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ለጊዜው መሣሪያውን ከኤጀንቱ ዝርዝር አውጥተነዋል፤ ማዋሐዱን አሁንም እኛው የካርድ ክፍል ሠራተኞች ሁለት ሆነን፣ ሁለቱን ካርዶች ጎን ለጎን ዘርግተን፣ ታካሚዋን ራሷን ወይም ይዟት የመጣውን ሰው እየጠየቅን እናደርገዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጤና መረጃ ባለሙያ
ከደሴ